ዳማው ወደ ወገራ የወጣበት ዓመት

አባቴ ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። እኛ ያወቅነው ፈረሱ ሲጎዳ ነው።

ፈረሱ በመልኩ ዳማ፣ ቀይ ቡናማ ነበር። ስም አልወጣለትም፤ ቤትም ሰፈርም «ዳማው» ሲባል ኖረ። እኛ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ስንሸጥ የኖርን ሰዎች ነን። አባቴ በጉልምስናው ጨርቅ በበቅሎ አስጭኖ የወገራን ገበያዎች ይዞር ነበር። መኪና በየቦታው ሲገባ ያ ሥራ ቀረ፤ ኮርቻ መውጣት ግን አልቀረም። ለጁምዓ ሶላት በፈረስ ይሄዳል፣ ለቅሶ በፈረስ ይደርሳል፣ አዘዞ ያሉትን ዘመዶቻችንን በፈረስ ይጠይቃል። ከተማው በባጃጅ ከሞላም በኋላ ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ በመንገዱ ዳር ዳር ሲሄድ ይታይ ነበር። ከኋላው የሳቀ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ፊት ለፊት ሲስቅበት ግን አላየሁም።

ያን ቀን ከለቅሶ ሲመለስ ነው። ከቤታችን በታች ባለው ቁልቁለት አዲስ ኮብልስቶን ተነጥፎ ነበር፤ ከዳር ያለው የጎርፍ ቦይ አንዱ ክዳን ግን ተነሥቷል። ዳማው የፊት ግራ እግሩን እዚያ ውስጥ ከተተ። አንድ የሰፈራችን ባለሱቅ ስልክ ደወለልኝና የጨርቅ ሱቃችንን ዘግቼ ወረድኩ። አባቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፈረሱ በሦስት እግሩ ቆሞ የተጎዳችውን እግር በኮቴዋ ጫፍ ብቻ መሬት ያስነካል። ሰዎች ከበዋቸው ነበር፤ የሚያወሩት ግን ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

«አባዬ፣ ወድቀሃል?» አልኩት።

«እኔ አልወደቅኩም። የወደቀው እሱ ነው።»

«ክዳኑ መነሣቱን አላየህም?»

«እሱ አይቶታል» አለኝ። «ወደ ቀኝ ሊሸሽ ሲል ምን ነካው ብዬ ልጓሙን ወደ ግራ ሳብኩት።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። በሳምንቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ለዓመታት ሲጎዳው እንደኖረ፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል ነገረችን። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጣት። ከክሊኒኩ ስንወጣ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ለፈረሱ ድርቆሽ ተሰጥቶት እንደሆነ ነው።

የፈረሱ ሐኪም ወጣት ልጅ ነበር፤ ከመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ነው የመጣው። ተንበርክኮ ከጉልበቱ በታች፣ ከአጥንቱ ኋላ የሚወርደውን ጅማት በሁለት ጣቱ እየተጫነ ተከተለው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፈረሱ እግሩን ነጠቀው።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ሐኪሙ። «ተጎድቷል እንጂ አልተበጠሰም። ቢበጠስ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየና ዕድሜው አሥራ ስምንት ሳይሞላ እንደማይቀር ተናገረ። አባቴ «አሥራ ሰባት» ብሎ አረመው። ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ አልተከራከረም። ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ውሃ እንድናፈስበት፣ ፋሻውን ሳናጠብቅ እንድናስር፣ ከጋጣው እንዳናስወጣው አዘዘን። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ማጭድ በእሳት አግለው መጡ። በእሳቸው አገር እንዲህ ያለ እግር ይተኮሳል። አባቴ አመስግኖ ሻይ አስቀረበላቸውና ሻዩ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ማጭዱ ቀዘቀዘ። እሳቸውም ነገሩን መልሰው አላነሡትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ተመሳሳይ ነበር። ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ አባቴ ገመዱን ይይዛል፣ እኔ በውሃ ጎማ እግሩ ላይ ውሃ አፈሳለሁ። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስመጣ እንደገና። አባቴ ፈረስ የሚያናግር ሰው አይደለም። ዝም ብሎ ይይዘዋል። አንዳንድ ጊዜ «አበጠ ወይስ ጎደለ?» ይለኛል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ይዳስሰዋል። የእሱ ጣቶች ከእኔ ዓይን ይሻሉ ነበር፤ እብጠቱ መቀነሱን ከእኔ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው።

ክረምቱ ሲያልቅ ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ፈረሱን ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ አስዞረና ማንከሱ እንደቀነሰ አየ። ከዚያ መሬቱን በጫማው ነካ ነካ አደረገው። ግቢያችን ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ከጋጣው እስከ በሩ አንድ መኪና አያዞርም።

«እዚህ እስከዚህ ድረስ ነው የሚድነው» አለ። «ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ለስላሳ ሜዳ ነው። ሣር እየጋጠ በራሱ ፍጥነት ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው ጅማቱ የሚጠነክረው። እዚህ ቆሞ ከዋለ ይገተራል።»

«ልቀመጥበት እችላለሁ?» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ ፈረሱ።

«ቀለል ያለ ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ አልፎ አልፎ» አለ። «ከተማ ውስጥ ግን አይሆንም፣ አባባ።»

አባቴ የጠየቀው ስለ ፈረሱ ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም ገብቶናል። መልሱም እንደዚያው።

እንዲህ ሆኖ ለፈረሱ ሌላ ቤት መፈለግ ጀመርን። እኛ ከተማ ያረጀ ፈረስ መጨረሻው የታወቀ ነው። ጋሪ ጎትቶ የደከመው መንገድ ላይ ይለቀቃል፤ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ፣ አስፋልት መሐል ቆሞ ይውላል፤ መኪና ጥሩምባ ቢነፋበትም አይነቃነቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት ቦታው ላይ አይኖርም። ጅብ ነው የሚወስደው። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ገለባው የሚበቃው ለሚሠራው ፈረስ ብቻ ነው። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያ ያለኝ፣ «ለማንም ስጪው፣ የሚለቀው ሰው ግን አይሁን» ነበር።

መጀመሪያ የወሰደው አዘዞ የሚኖር ከሩቅ የምናውቀው ሰው ነው። ግቢው ሰፊ ነበር፣ ከጀርባው እስከ ወንዙ ድረስ ሣር አለው። ቤታችን መጥቶ ፈረሱን አየ፤ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኩት።

«ሣሩ እኮ ዝም ብሎ እየደረቀ ነው» አለ። «ይብላልኝ። ምንም አልጭንበትም፣ ቃሌ ነው።»

አባቴ እጁን ጨበጠው። በአይሱዙ ጭነን ወሰድነው። ሳምንት ሳይሞላ ሄጄ አየሁት፤ ሣር ውስጥ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሥራ በዛብኝና አልተመለስኩም።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አሁን በትክክል አላስታውስም፣ ለዕቃ ጉዳይ በሚኒባስ ወደ አዘዞ ስወርድ አዳዲሶቹ ቤቶች በሚሠሩበት ሰፈር መንገዱ ተጨናነቀና ቆምን። ከፊታችን ብሎኬት የጫነ ጋሪ ነበር። ፈረሱን ያወቅኩት በእግሩ ነው፤ የግራ እግሩን ከማሳረፉ በፊት ትንሽ ያመነታል። ረዳቱን በሩን ክፈትልኝ አልኩትና ወረድኩ።

ጋሪውን የሚነዳው ቅጥረኛ ነበር፤ እኔን አያውቀኝም። ፈረሱ የታመመ እንደሆነ ስነግረው፣ «እኔም ለሰውየው ብዬው ነበር» አለኝና ወርዶ እዚያው መንገድ ላይ ይፈታው ጀመር። ብሎኬቱ ከጋሪው ጋር ቆመ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ፈረሱ ከጋሪው እንጨት ሲወጣ ወደ እኔ አልመጣም፤ ባለበት ቆመ፤ የሚቀጥለውን የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ሰውየውን ቤቱ አገኘሁት። አላፈረም፣ አልተቆጣምም።

«ምነው?» አለኝ። «የእኔው የጋሪ ፈረስ ሞተብኝ። ስድስት ቤተሰብ ነው የማበላው። ትንሽ ትንሽ ባፍታታው አልኩ እንጂ ልገድለው ብዬ አይደለም።»

«ቃል ሰጥተህ ነበር።»

«ያኔ ፈረሴ አልሞተም ነበር» አለ።

ሚስቱ ውሃ አመጣችልኝ፣ ጠጣሁ፣ ፈረሱን ይዤ ወጣሁ። እግሩ እንደገና አብጦ ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ጋጣው ውስጥ ፈረስ እንዳለ በጆሮው ይሰማል።

«ምን ጭኖ ነበር?» አለኝ።

«ብሎኬት።»

«ኮርቻ ለምዶ ያደገ ፈረስ ጋሪ እንዴት እሺ አለው?»

«እሺ ብሎታል፣ አባዬ።»

አባቴ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግበትን ውሃ እንዳቀርብለት ጠየቀኝ።

ውሃ ማፍሰሱን እንደገና ጀመርን። በዚህ መሐል ዛሪማ የሚነግድ የአጎቴ ልጅ «ይላክልኝ፣ እዚህ ግጦሽ ሞልቷል» አለ። ለሐኪሙ በስልክ ነግሬው ሳልጨርስ አይሆንም አለኝ። ዛሪማ ቆላ ነው፤ ደጋ ላይ ያደገ ፈረስ ቆላ ወርዶ ከዝናብ በኋላ ያለውን በሽታ አይችለውም። ደባርቅ በኩል ቱሪስት የሚያስተናግድ አንድ ሰውም ጠይቆን ነበር፤ ፎቶውን ልኬለት እግሩን ሲያይ ጠፋ።

መሪጌታው የመጡት በክርስቲያኖች ጾም መግቢያ ሰሞን ነው። ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር የቅኔ መምህር ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸውን የመጋረጃ ጨርቅ ከእኛ ሱቅ ይወስዳሉ፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት መምህርም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፣ ከአያቴ ነበር የሚወስዱት። አባቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቅ በር ላይ ይቀመጣል፤ መሪጌታውን በድምፃቸው አውቆ ተነሣላቸው። ጨርቁን እየለካሁ ሳለ ስለ በቅሏቸው ማማረር ጀመሩ።

«ባዝራዬ ከሞተች ወዲህ በቅሎዋ ሰላም ነሥታኛለች» አሉ። «እናቷ ናት እኮ፣ አብረው ነው የኖሩት። አሁን ብቻዋን አትውልም። አጥር ዘላ ትወጣለች፣ የሰው ገብስ ውስጥ ትገባለች፣ ሌሊቱን ስትጮህ ታድራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀይሞኛል። ባስራት ገመዱን ትበጥሳለች።»

«ምን ይሻላታል አሉዎ?» አለ አባቴ።

«ጓደኛ ነዋ። ሌላ ምን ይሻላታል? አንድ ያረጀ፣ ልቡ የረጋ ፈረስ ቢገኝ አሉኝ። እንዲሠራ አይደለም። እንዲቆምላት ነው።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። አባቴ ግን አልቸኮለም። ገብሱ እንዴት እንደሆነ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር ጠየቀ። ከዚያ፣ «እኔ አንድ ፈረስ አለኝ» አለ። ስለ ቦዩ፣ ስለ ልጓሙ፣ ስለ አዘዞው ሰውዬ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ልጓሙን ራሱ እንደሳበው ለሌላ ሰው ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተማሪዎችዎ ይጋልቡታል» አለ በመጨረሻ።

«ሳላዝዝ አይነኩትም።»

«ይማሉልኛል?»

«ለእኛ መሐላ ክልክል ነው፣ ሐጂ። ቃሌን ልስጥዎ።»

«የአዘዞውም ቃሉን ሰጥቶኝ ነበር።»

መሪጌታው አልተቀየሙም። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያ ይምጡና ይዩ» አሉ።

«እኔ አላይም።»

«ልጅዎ ታያለች። ሸጋ መስሎ ካልታያት ይዛው ትመለስ።»

በዚያ ሰሞን ወደ ወገራ የሚያወጣው የደባርቅ መንገድ በጸጥታው ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ክፍት ነው የተባለ ቀን ጠዋት የአይሱዙ ሹፌር ደወለልኝ። አባቴ ገመዱን ሲሰጠኝ ፈረሱን አልዳበሰውም። «ገደል ቅርብ እንዳይሆን፣ ውሃውም እንዳይርቀው እዪ» አለኝ፤ «መሬቱ ረግረግ ከሆነም አይሆንም፣ ሰኮናውን ያበሰብሰዋል።» መኪናውን ከአንድ ቁልል አፈር ጋር አስጠግተን አስገባነው። ዳማው ካሶኒው ውስጥ ገብቶ ጭድ ላይ ቆመ፤ እኔ ከሹፌሩ ጋር ከፊት ተቀመጥኩ።

ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጨርስ ብርዱ ጀመረ። አንድ ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን። ካሶኒው ላይ ወጥቶ አየና ወረደ።

«ፈረሱ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ግጦሽ» አልኩት።

«ጎንደር ሣር ጠፋ?»

«እግሩ ታሟል።»

እንደገና ወጥቶ ፋሻውን አየ። ሲወርድ የእሱ አባትም ፈረስ እንደነበረው ነገረን። ከዚያ እለፉ አለ።

የመሪጌታው ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ሲደርሱ ባሕር ዛፍ፣ ከዛፉ በታች የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በታች ለጥ ያለ ሜዳ አለ። ሜዳው ደርቆ ነበር፤ መሬቱ ግን ሲረገጥ ለስላሳ ነው፣ ረግረግ አይደለም። ገደሉ ሩቅ ነው። ውሃው ከቤቱ ሥር የሚወጣ ምንጭ ነው። አባቴ እንዳዘዘኝ ሁሉንም ዞሬ አየሁ። መሪጌታው ከኋላዬ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ዝም ብለው ተከተሉኝ፤ አንድም ነገር አላሞገሱልኝም። ሹፌሩ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። «ይውረድ» አልኩ።

በቅሎዋ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ ነበረች። ዳማውን እንዳየች ጮኸችና እስከ ገመዷ መጨረሻ ሮጠች። መሪጌታው ፈቷት። ቀጥ ብላ መጥታ አንገቱ ላይ ልትደገፍ ስትል ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ትከሻዋን ነከሳት። ዘላ ሸሸች፤ ዞራ መጣች፤ እንደገና ነከሳት። ልለያቸው ስል የመሪጌታው ባለቤት እጄን ያዙኝ፤ ወፍራም ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴትዮ ናቸው።

«ተያቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «ምነው፣ አንቺስ የማታውቂው ሰው አንገትሽ ላይ ቢጠመጠም?»

ይህን እያየን ሳለ ለሹፌሩ ስልክ ተደወለለት። መንገዱ ሊዘጋ ነው ተባለ። እኔ ገና አልወሰንኩም ነበር። ሹፌሩ፣ «ወይ አሁን ጭነነው እንሂድ ወይ እኔ ልሂድ» አለ። ዳማውን አየሁት። እግሩን እኩል አሳርፎ ቆሟል፤ በቅሎዋ ራቅ ብላ ትዞረዋለች። «አንተ ሂድ» አልኩት።

እዚያው አደርኩ። ጾም ስለነበር እራት ሽሮና ጎመን ነበር፤ ሥጋ ቢሆን ኖሮ የእነሱን ሥጋ እኔ ስለማልበላ ሁላችንም እንቸገር ነበር። የምሽቱን የመግሪብ ሶላት የምሰግድበት ቦታ ስፈልግ ሴትዮዋ ንጹሕ አጎዛ አንጥፈውልኝ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ከውጭ ተማሪዎቹ ጎጆ ውስጥ የሚያነበንቡት ግዕዝ ይሰማል። መሪጌታው በኋላ ስለ አያቴ ጨርቅ ጠየቁኝ፤ እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። የበቅሎዋ ጩኸት ግን አልተሰማም። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ጆሯቸውን አቅንተው፣ «ዛሬ ዝም አለች» አሉ።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ወጣሁ። ሁለቱ ካቡ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የአንዱ ራስ በሌላው ጭራ በኩል ነው። ፋሻውን ፈትቼ እግሩን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። በቅሎዋ ጋማውን በጥርሷ ስትቆነጥጠው እያየሁ ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ለሴትዮዋ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ውሃ የሚያፈሱት እሳቸው እንደሚሆኑ አውቄያለሁ። መንገዱ ሲከፈት በመጣ አውቶብስ ተመለስኩ።

አባቴ ሱቅ በር ላይ ነበር። ሜዳውን፣ ምንጩን፣ ገደሉን ነገርኩት።

«ነከሳት?» አለኝ ስለ በቅሎዋ።

«ሁለቴ።»

«ሁለቴ ይበቃል» አለ። ፈረሱ ከተጎዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ከክረምት በኋላ አባቴ ልሂድ አለ። ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። በሚኒባስ እስከ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ሜዳው ሁሉ አደይ ነበር። ዳማው ወፍሯል፤ ሆዱ ወርዷል፤ ጸጉሩ የደጋ ፈረስ ጸጉር ሆኗል። መሪጌታው ገመድ አድርገው አመጡልን። ሴትዮዋ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተቀምጠውበት ቀስ ብለው እንደሚሄዱ፣ በቅሎዋም ሳትታሰር ከኋላ እንደምትከተል ነገሩን። ከእሳቸው ሌላ ማንም አልተቀመጠበትም።

አባቴ በእኔ ክንድ ተደግፎ ጎንበስ አለና የፈረሱን የፊት ግራ እግር ከጉልበት እስከ ሰኮና ዳሰሰ። ዳማው ቆመለት።

«ጅማቱ ወፍሯል» አለ። «እንደ ድሮው አይሆንም።»

«ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያለው።»

«አያምም ግን።» ጣቱን ተጫነ። ፈረሱ አልነጠቀውም። «አያምም።»

ቀና ብሎ እጁን የፈረሱ አንገት ላይ ሲያሳርፍ ከሜዳው ማዶ በቅሎዋ ጮኸች። ዳማው ራሱን አነሣ፣ ዞረ፣ ከአባቴ እጅ ሥር ወጥቶ ሄደ። የአባቴ እጅ ለአፍታ ባለበት ቀረ፤ ከዚያ ጋቢው ውስጥ አስገባው።

«የት ደረሰ?» አለኝ።

«ከበቅሎዋ ጋር ነው።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከመሪጌታው ጋር ስለ ገብስ ዋግ ረጅም ወሬ ጀመሩ፤ እኔና ሴትዮዋ የተቀቀለ ባቄላ እየበላን አዳመጥናቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ መስኮት በኩል ተቀምጦ ከውጭ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። የታጨደውንና ያልታጨደውን፣ ከብት የተሰማራበትን፣ ድንጋይ ብቻ የሆነውን ነገርኩት። እሱ ድሮ ጨርቅ ጭኖ ያለፈባቸውን ቦታዎች በስማቸው እየጠራ ያስተካክለኝ ነበር። ጎንደር ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው።

መሪጌታው አሁንም ለመጋረጃ ጨርቅ ይመጣሉ። ዳማውም በሕይወት አለ።